ከታብሌቱ በፊት ገመዱ፦ ጎጆ ቤት ጂኦሜትሪን እንዴት ያስተምራል?



በዚህ ዕትም ስለ ጂኦሜትሪ እንጽፍላችኋለን። ስለ ድርቅ፣ ስለ ውሃ ጉድጓድና ስለ ክሊኒክ ማንበብ ለለመደ ወዳጅ ጉዳዩ እንግዳ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ለልጆች ትምህርት ርዳታ የምትልኩ ብዙዎቻችሁ «ታብሌትና ኮምፒውተር ብንልክ አይሻልም ወይ?» እያላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ጥያቄው ከቅን ልብ የወጣ ነው፤ አጭር መልስ ግን የለውም። ስለዚህ አንድ ሰፈር፣ አንድ የትምህርት ርዕስና አንድ የቤት ዓይነት ወስደን፣ ዲጂታል መሣሪያ የት ላይ እንደሚጠቅም፣ የት ላይ ደግሞ ገንዘብ እንደሚያባክን ልናስረዳችሁ ወደድን። ሰፈሩ ቀራንዮ ነው። ርዕሱ ክብና ሾጣጣ ነው። ቤቱም ጎጆ ነው።

ቀራንዮ በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ይገኛል። በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል በዚሁ ክፍለ ከተማ ስለሆነ አካባቢውን የምታውቁት ትኖራላችሁ። ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከጋሞ፣ ከሸዋ ኦሮሞና ከአማራ አገር የመጡ ቤተሰቦች ጎን ለጎን ይኖሩበታል። ቤቶቹ ብሎኬትም ጭቃም ናቸው፤ ክዳናቸው ቆርቆሮ ነው። ኮልፌ ውስጥ አጠና ተራ የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙን ያገኘው ለግድግዳና ለጣራ ከሚሸጠው የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። ልጆቹ በአጠና ክምር አጠገብ እያለፉ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ክፍል ገብተው ደግሞ ስለ ቀጥታ መስመር፣ ስለ ማዕዘንና ስለ ሲሊንደር ከመጽሐፍ ይማራሉ። አጠናው ራሱ ሲሊንደር መሆኑን የሚነግራቸው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የለም።

ነገሩ በከንቱ አላሳሰበንም። በ2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዓመቱ ይፋ የሆነው ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። ፈተናው የሒሳብ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። ሆኖም የ12ኛ ክፍል ድካም የሚጀምረው በ12ኛ ክፍል አይደለም። በአዲስ አበባ በአማርኛ የሚማሩ ልጆች በ7ኛ ክፍል ሒሳብን በእንግሊዝኛ መማር ይጀምራሉ። «ዙሪያ» እና «ስፋት» የተባሉት ቃላት በልጁ ልብ ገና ሥር ሳይሰዱ ሌሎች ቃላት ይተኩባቸዋል። ልጁም ነገሩን ሳይጨብጥ ቀመሩን ይሸመድዳል፤ ፈተናው ሲያልፍ ቀመሩም አብሮ ያልፋል። አንድ ልጅ ነገሩን በእጁ ከጨበጠው ግን በየትኛውም ቋንቋ ቢጠሩት ያውቀዋል።

ማሽን ብቻውን ይህን እንደማያደርግ አገራችን አይታለች። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር ሕዝቡ «ፕላዝማ» ብሎ ሰየመው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ከዋና ከተማ የራቀ ልጅ ጥሩ አስተማሪ እንዲያይ ነበር። ነገር ግን በመስኮቱ ውስጥ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ አይቆምም፣ «አልገባኝም» ብሎ እጁን የሚያወጣውን ልጅ አያይም። የክፍሉ መምህር ሊያብራራ ሲጀምር ፕሮግራሙ ወደ ሌላ ርዕስ አልፏል። ተማሪዎችም መምህራንም በዚህ ብዙ አማርረዋል። ከባሕር ማዶም ተመሳሳይ ትምህርት አለ። በፔሩ ለእያንዳንዱ ልጅ ላፕቶፕ ይዳረስ ተብሎ በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች በተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ጥናት፣ ከ15 ወራት ያህል በኋላ የልጆቹ የሒሳብና የቋንቋ ውጤት መሻሻሉ አልታየም። የዚሁ ዓይነት ላፕቶፖች ወደ ኢትዮጵያም በሺህ የሚቆጠሩ መጥተው ነበር።

እንግዲህ ወደ ጎጆው እንመለስ።

ጎጆ የሚሠራ ሰው ሥራውን የሚጀምረው በአንድ ችካልና በአንድ ገመድ ነው። ችካሉን ከመሃል ይተክላል፤ ገመዱን ያስርበታል፤ ገመዱን ወጥሮ እየዞረ መሬቱን ይጭራል። ይኸው ክብ ወጣ። በመጽሐፍ «ከአንድ ነጥብ እኩል ርቀት ላይ ያሉ ነጥቦች ሁሉ» ተብሎ የሚተረጐመው ነገር ይህ ነው። ልጁ ገመዱን ራሱ ወጥሮ ከዞረ፣ ገመዱ ከላላ ክቡ እንደሚበላሽ በዓይኑ ያያል፤ «እኩል ርቀት» የሚለው ቃል ለምን እንደገባም ማንም ሳይነግረው ይረዳል።

ምሳሌውን በቁጥር እናድርገው። ገመዱ 2.5 ሜትር ይሁን፤ በትምህርት ቤት ሬዲየስ የሚባለው ይህ ነው። እንዲህ ያለው ክብ 5 ሜትር ውርድ ስላለው በአብዛኛው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይገባል። ልጆቹ የ5 ሜትር ገመድ ይዘው የክቡን ጠርዝ እየተከተሉ ቢለኩ፣ ሦስት ጊዜ ይሄድና 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀራል። ክቡ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ሦስት ጊዜ ሄዶ ጥቂት መትረፉ አይለወጥም። ፓይ ማለት ያ ነው። 3.14 የሚለውን ቁጥር ከሰሌዳ ላይ የገለበጠ ልጅና ከመሬት ላይ ያገኘው ልጅ አንድ አይደሉም።

የግድግዳው ዙሪያ እንግዲህ 15.7 ሜትር ሆነ። ቋሚዎቹ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ቢተከሉ 39 ያህል አጠና ያስፈልጋል፤ ለበሩ የሚተወውን ክፍት ቦታ ልጆቹ ራሳቸው ይቀንሱ። ወለሉ ደግሞ 19.6 ካሬ ሜትር ያህል ነው። አሁን ያንኑ የ15.7 ሜትር ገመድ ወስደው በአራት እኩል ጎን ያጥፉት። እያንዳንዱ ጎን 3.925 ሜትር ይሆናል፤ ወለሉም 15.4 ካሬ ሜትር ብቻ። ግድግዳው ያው፣ አጠናው ያው፣ ጭቃው ያው ሆኖ ከ4 ካሬ ሜትር በላይ ወለል ጠፋ! ይህ የአንድ አልጋና የአንድ ምድጃ ቦታ ነው። እንጨት ውድ በሆነበት አገር አባቶቻችን ክብ ቤት የሠሩት ሌላ ቅርጽ ስለማያውቁ አልነበረም።

ታዲያ የቀራንዮ ቤቶች ለምን አራት ማዕዘን ሆኑ? ይህ ጥያቄ ከልጆች መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣም ሊያልፉት አይገባም። አንዱ ምክንያት የከተማ ቦታ እየተሸነሸነ የሚሰጠው በአራት ማዕዘን መሆኑ ነው። ሌላው ቆርቆሮው ነው። የቆርቆሮ ቅጠል አራት ማዕዘን ስለሆነ ሾጣጣ ጣራ ላይ ሲያለብሱት ብዙ ቁራጭ ይጣላል፤ ሰንበሌጥ ግን እንደ ፈለጉት ይታጠፋል። ክዳኑ ሲለወጥ ግድግዳውም ተለወጠ። ጎጆን አወድሶ የቆርቆሮ ቤትን የሚንቅ ትምህርት ደግሞ በቆርቆሮ ቤት የሚያድረውን ልጅ ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ የሁለቱንም ጥበብ ማሳየት ይገባል። አራት ማዕዘን ቤት ላይ መሠረት የሚያወጣ ሰው ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን የሚያረጋግጠው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሁለቱን ሰያፍ ለክቶ፣ ወይም በገመድ 3፣ 4 እና 5 ቆጥሮ ነው። የሞዛምቢክ ገበሬዎች ሁለት እኩል ገመዶችን መሃል ለመሃል አስረው፣ አራቱን ጫፎች ወጥረው የቤታቸውን አራት ማዕዘን እንደሚያወጡ የሒሳብ ሊቁ ፓውሉስ ገርደስ ጽፏል። ገርደስ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ በአፍሪካ ሠራተኞች እጅ ውስጥ ያለውን ጂኦሜትሪ ሲመዘግብ የኖረ ሰው ነው።

የጎጆ ትልቁ ትምህርት ግን ከጣራው ላይ ነው። የክዳኑ ጠርዝ ግድግዳውን በግማሽ ሜትር ይለፍ እንበል፤ ዝናቡ ምርጊቱን እንዳያጥበው ነው። ስለዚህ ከመሃል እስከ ክዳኑ ጠርዝ 3 ሜትር ይሆናል። ጫፉ ከጠርዙ በላይ 4 ሜትር ከፍ ይበል። ከጫፍ እስከ ጠርዝ የሚወርደው እንጨት ምን ያህል ይርዘም? የፓይታጎረስን ሕግ የሚያውቅ ልጅ 5 ሜትር ነው ይላል፤ አናጺው ደግሞ ሕጉን ሳይጠራ በዓይኑና በገመዱ ይደርስበታል። ግድግዳው 2 ሜትር ቢሆን፣ ከግድግዳው አናት እስከ ጫፉ ያለውን ከፍታ በተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ማግኘት ይቻላል፦ 3 ሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ 4 ሜትር የሚወጣ ጣራ 2.5 ሜትር ሲገባ 3.33 ሜትር ይወጣል። ምሰሶው ከወለሉ 5.33 ሜትር ይሁን ማለት ነው። አጠና ተራ ሄዶ የትኛውን እንጨት መግዛት እንዳለበት የሚያውቅ ልጅ ይህን ያሰላ ልጅ ነው።

ይህን ጣራ ከአንድ ቦታ ሰንጥቀን እንደ ሰሌን መሬት ላይ ብንዘረጋው ምን ይመስላል? ጎልማሶችን ብትጠይቁ ብዙዎቹ «ሦስት ማዕዘን» ይላሉ። አይደለም። ሬዲየሱ 5 ሜትር የሆነ፣ አንድ ቁራሽ የተነሣለት ክብ ነው፤ የቀረው ማዕዘን 216 ዲግሪ ነው፤ ይኸውም የ360 ሦስት አምስተኛ። ልጆቹ ይህን በወረቀት ያድርጉት፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ስለ አንድ ሜትር ይቆጠር። ሬዲየሱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቆርጠው፣ 144 ዲግሪ አውጥተው የቀረውን ቢያጋጥሙት፣ ልክ 3 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስና 4 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የጎጆ ክዳን በእጃቸው ላይ ይቆማል። የሚሸፈነውም ስፋት 3.14 በ3 በ5፣ ማለትም 47.1 ካሬ ሜትር ነው። ሰንበሌጥ የሚያጭደው ሰው ድካሙን በዚህ ይለካል።

እስከዚህ ድረስ ገመድ፣ ወረቀትና መቀስ በቂ ነበሩ። ታብሌቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጎጆን አፍርሶ እንደገና መሥራት አይቻልም፤ በመስኮቱ ላይ ግን ይቻላል። ልጁ ጣቱን ጎትቶ የጣራውን ከፍታ ከ4 ወደ 2.25 ሜትር ቢያወርደው፣ እንጨቱ ከ5 ወደ 3.75 ሜትር ያጥራል፤ ሣሩም ወደ 35.3 ካሬ ሜትር ይቀንሳል። ከሣሩ ሩብ ተረፈ! ሁሉም ይደሰታል። ከዚያ መምህሩ «ዝናብ ሲመጣስ?» ብሎ ይጠይቅ። ጣራው ከ53 ዲግሪ ወደ 37 ዲግሪ ተኝቷል፤ በተኛ ሣር ላይ ውሃ ቶሎ አይወርድም፣ ይሰርጋል፣ ሣሩም ይበሰብሳል። በክረምት የአዲስ አበባን ዝናብ የሚያውቅ ልጅ መልሱን ከቤቱ ያመጣዋል። እንዲህ ያለውን ደጋግሞ መለዋወጥ በወረቀት ለማድረግ አንድ ሳምንት ይፈጃል፤ በመስኮት ላይ ግን በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። መሣሪያው ለዚህ ሲውል ዋጋውን ይከፍላል።

ለዚህ የሚሆን ፕሮግራም ለመግዛት ገንዘብ አያስፈልግም። ኦስትሪያዊው ማርኩስ ሆሄንቫርተር በ2001 እ.ኤ.አ. የጀመረው ጂኦጀብራ የሚባለው ፕሮግራም ለትምህርት በነጻ ይሰጣል፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት በስልክም በታብሌትም ይሠራል። መምህሩ በሥዕሉ ላይ «ምሰሶ»፣ «ማገር»፣ «ጉልላት» ብሎ በፊደላችን ሊጽፍበት ይችላል። ኔትዎርክ በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለ መብራቱ ግን ምንም ፕሮግራም መፍትሔ አላመጣም፤ ከመጥፋቱ በፊት ባትሪውን መሙላት ነው!

ሁለተኛው የታብሌት ጥቅም በዓይን የማይደረስበትን ማቅረብ ነው። በቀራንዮ የሚያድግ ልጅ ከአያቱ አገር ካልሄደ ጎጆ ላያይ ይችላል። በጉራጌ አገር ከመካከለኛው ምሰሶ ላይ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ተዘርግተው ጣራውን የሚደግፉትን እንጨቶች ወይም በጣና ዳር ዘጌ የሚገኘውን የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ በክቡ መሃል አራት ማዕዘን መቅደሱን ጭምር፣ በሥዕል ከፍቶ ማሳየት ይቻላል። በክብ ውስጥ የተቀመጠ አራት ማዕዘን ምን ያህሉን ቦታ ይይዛል የሚለውን ጥያቄ ከዚህ የተሻለ የሚያነሣ ሥዕል አናውቅም። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት በጨረር መለኪያ ለክቶ በኮምፒውተር እንዲታዩ አድርጓቸዋል። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ የሚያይ ልጅ ጣራው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹትን መስቀሎች ያያል፤ ቅርጻቸው አንድ፣ መጠናቸው የተለያየ ነው። በመጽሐፍ ተመሳሳይ ቅርጾች ተብለው የሚጠሩት እነዚሁ ናቸው። አሜሪካዊው ሮን ኤግላሽ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአፍሪካ ፍራክታሎችን በሚመለከት መጽሐፉ ይህን ዓይነቱን፣ ቅርጽ ራሱን በትንሹ የሚደግምበትን አሠራር ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ሰብስቦ አሳይቷል፤ በኋላም ተማሪዎች ራሳቸው የሚሠሩባቸው የኮምፒውተር መሣሪያዎች እንዲዘጋጁ አድርጓል።

አንድ ቤት ግን ከቀመሩ ያመልጣል። ይኸውም የዶርዜ ቤት ነው። ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ የመጡት ሸማኔዎች አገራቸው ላይ የሚሠሩት ይህ ቤት ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተፈትሎ የሚቆም ረጅም ቤት ነው፤ ጎኑ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ይጎብጣል። ሾጣጣ ብለው ቢያሰሉት ይሳሳታሉ፤ ሲሊንደር ቢሉትም ይሳሳታሉ። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ስለሚጥሉት ቤቱ በየዘመኑ እያጠረ ይሄዳል፤ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሸክመውት ሌላ ቦታ ይተክሉታል። በመስኮቱ ላይ ይህን ቤት እንደ ዳቦ በአግድም መቆራረጥ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ እንደ አጭር ሲሊንደር ማስላትና መደመር ይቻላል። ቁራጩ በሳሳ ቁጥር መልሱ ይቀርባል። ልጁ ሳያውቀው ወደ ከፍተኛ ሒሳብ ደጃፍ ደረሰ። በየዓመቱ ሥሩ የሚቆረጥ ቤት ይዘቱ እንዴት እንደሚቀንስ ደግሞ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ የጋሞ ተወላጅ የሆነ አባት ያለው ልጅ በዚያ ቀን ከማንም በላይ ያውቃል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ ከቁጥሩ ሁሉ ይበልጥብናል። በቀራንዮና በአካባቢው በቀን ሥራ የሚተዳደሩ፣ ጭቃ የሚያቦኩ፣ ማገር የሚመቱ፣ ቆርቆሮ የሚያለብሱ ወላጆች አሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ የልጆቻቸውን ደብተር ማንበብ ስለማይችሉ ትምህርት ቤት ሲጠሩ አንገታቸውን ደፍተው ይቆማሉ። መምህሩ «አባቱ፣ ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን በምን ያውቃሉ?» ብሎ በክፍሉ ፊት ቢጠይቃቸው፣ ገመዳቸውን አውጥተው ያሳዩታል። ልጁ አባቱን በዚያ ቀን እንዴት ባለ ዓይን እንደሚያያቸው ልንነግራችሁ አያስፈልግም። የጎጆ ሥራን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ደግሞ ቁጥራቸው እየተመናመነ ነው፤ ሣር ክዳን በገጠሩም ለቆርቆሮ ቦታውን እየለቀቀ ስለሆነ የሚተካቸው አይኖርም። ስለዚህ ሲሠሩ በስልክ ቪዲዮ መቅረጽ፣ እያንዳንዱ እንጨት በየቋንቋው ምን እንደሚባል መመዝገብ፣ የዲጂታል ትምህርቱ የመጀመሪያ ሥራ መሆን አለበት እንላለን፤ መሣሪያ መግዛቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለጥያቄያችሁም መልሳችን ይህ ነው። አርባ ታብሌት ከመላክ አምስት ታብሌት መላክ፣ በቀረው ገንዘብ ደግሞ መምህራን ትምህርቱን በአማርኛ የሚያዘጋጁበትን ጊዜ መክፈል ይሻላል። ስምንት ልጆች በአንድ ታብሌት ዙሪያ ሲቀመጡ ይከራከራሉ፤ ክርክሩም ትምህርት ነው። ታብሌቱ ለእያንዳንዱ ከተሰጠ ግን ክፍሉ ዝም ይላል፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ መሣሪያው ለጨዋታ ይውላል። ትምህርቱ ሳይዘጋጅ ቀድሞ የመጣ መሣሪያ ካርቶን ውስጥ ያረጃል። ገመዱን፣ ችካሉንና ወረቀቱን በተመለከተ ከእናንተ ገንዘብ አንፈልግም፤ በየሰፈሩ ይገኛሉ።

ከገንዘብ ሌላ ግን የምንለምናችሁ ነገር አለ። ከእናንተ መካከል በየክፍለ ሀገሩ ወላጆችና አያቶች ያላችሁ፣ በውጭ አገር የምትኖሩም ጭምር፣ ክረምቱ ሳይገባ አገር ቤት ስትሄዱ ወይም ስትደውሉ ስለ ቤተሰቡ ጎጆ ጠይቁልን። ፎቶግራፍ ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘም ሦስት ቁጥር ይበቃናል፦ ከምሰሶው እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት፣ የግድግዳው ከፍታ፣ ከጫፍ እስከ ክዳኑ ጠርዝ ያለው የእንጨት ርዝመት። ሜትር ከሌለ በክንድና በስንዝር ይለካ፤ የለካው ሰው ክንድ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ብቻ ጨምራችሁ ጻፉልን። ምሰሶውና ማገሩ በዚያ አገር ቋንቋ ምን እንደሚባሉም አትርሱ።